የዘገየ ትእዛዝ

ሰባት ነገሥታት አሉኝ፣ በሰባት አገር ተበትነው፣
ዘውዳቸውን የሰጠኋቸው እኔ፤ አንዱንም በዓይኔ አላየሁት ሰው።

ቀን ቀን የመጽሐፍ አውቶቡስ እነዳለሁ በኩኦፒዮ ዙሪያ፣
ለሕፃናት ተረት፣ ለአሮጊቶች የሹራብ መማሪያ።
ማታ፣ ሳይማ ስትተኛ፣ ማእድ ቤት ጠረጴዛው ላይ
ካርታ እዘረጋለሁ፦ ደሴት፣ ወሽመጥ፣ ተራራ፣ ድልድይ።
በየሁለት ሳምንቱ እሁድ፣ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ፣
ሁሉም ትእዛዙን በኢሜይል ለእኔ እንጂ አይልክም ለሌላ።
ሰባቱን ከፍቼ፣ ጦር ከጦር፣ መርከብ ከመርከብ አጋጥሜ
የወደቀውን፣ የቆመውን እጽፋለሁ፣ ስሌቱን ሁለቴ ደግሜ።

ማን ያውቃል፣ የዚህ ሥራ ግማሹ ልመና ነው፦
የታርቱ መንትዮች አንድ ዘውድ ተጋርተው፣ ሁለት ትእዛዝ ልከው
«የእሱን አትቀበል» ይሉኛል። የስላይጎው ፈርጋል፣ የበግ ሐኪሙ፣
«ዛሬ ሦስት በጎች ምጥ ላይ ናቸው፤ ጦሮቼ ባሉበት ይቁሙ።»

ከሁሉ የሚከብደው ግን ማወቅ ነው።
ሐሙስ ማታ የግዳንስኩ ዝቢግኒየቭ፣ የትራም ነጂው፣
ጻፈልኝ፦ «ሦስቱም ጦሬ በደቡብ በር ገብቶ
የኤልቢራን ከተማ ይያዝ፣ ቀን ጠብቆ፣ አድብቶ።»
በማግሥቱ ከፓይሳንዱ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ቀራጯ ኤልቢራ
ስለ አንድ ደሴት ልትጠይቀኝ ጽፋ፣ ከግርጌ ጨመረች በተራ፦
«ዝቢግኒየቭን ያገኘሁት በአንተ ነው። እንደሱ ያለ ወዳጅ አይገኝ፤
አመሰግናለሁ ታይስቶ።» ምን ብዬ ልመልስላት? ጨነቀኝ።
«ምንም አይደል» አልኩ። ዳኛ ምን አለው ከዚህ የሚበልጥ?
የሁለት ሰው ምስጢር በአንድ ጉሮሮ፣ አንዱን ሳልተፋ፣ ሌላውን ሳልውጥ።

እሁድ መጣ። የካላቬሲ ሐይቅ በረዶ ሲሰነጠቅ ይሰማል፤
ንጋት ላይ መንግሥት ሰዓታችንን ወደፊት ገፍቶታል፣
በየጸደዩ እንደሚያደርገው። የስልኬ በራሱ ዞረ፤
የግድግዳውን ሳይማ አዞረች። ለነገሥታቱ ማን ነገረ?

እኩለ ሌሊት። ስድስት ደብዳቤ። ሰባተኛው የለም።
ደንብ ቁጥር ዘጠኝ፦ «የዘገየ ትእዛዝ አይቆጠርም፤
ጦሩ ባለበት ይቆማል።» የጻፍኩት እኔው፣ ድሮ፣ ተቆጥቼ
በሰነፎች ላይ። አሁን ቁጭ አልኩ፣ የመልእክት ሳጥኑን ከፍቼ።

አርባ ደቂቃ አልፎ ደረሰ። «ሃያ ደቂቃ ቀደምኩ!» ብላ ስቃ።
አንድ ሰዓት የሰረቅናት እኛ ነን፤ እሷ ከየት አውቃ?
ከፈትኩት። ሸትቷት፣ ከተማዋን ልትጠብቅ መስሎኝ ነበር።
አይደለም። «ጦሬ ሁሉ ከከተማ ወጥቶ ወደ ሰሜን ይሻገር፣
የዝቢግኒየቭን መርከቦች ይደግፍ። በቀኙ ሰው የለው፤ እኔ ልሁንለት።»

ብቀበለው ትወድቃለች፤ ባልቀበለውም ያው ሞት።
ልዩነቱ አንድ ነው፦ ውጤት ሲላክ ሁሉም የሁሉን ትእዛዝ ያያል።
ባልቀበለው፣ «ተኝታ ነበር» ብሎ ዝቢግኒየቭ ትራሙን ይነዳል።
ብቀበለው፣ በስሟ ትይዩ ይጻፋል፣ ከተማዋን ባዶ ትታ
ለማን ብላ እንደወጣች።
          የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል በጸጥታ።

«ዛሬም ጦርነት አለ?» አለች ሳይማ ከጓዳ። «የለም፣ ሒሳብ ነው» አልኳት።
«ሒሳብማ ነገም ይደርሳል።» መልስ አልሰጠኋት።

ደንቡን ሻርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ፣ ሰዓቱን ያልነገርኩ፣
ትእዛዟን እንደ ሌሎቹ በጥቁር ቀለም ጻፍኩ፣
ላክሁ።
ምሕረት ነው? ቅጣት ነው? ለማን? እስከ ዛሬ አልለየሁም።
ዳኛ ነኝ እላለሁ እንጂ፣ ያን ሌሊት ዳኛ አልነበርሁም።

ሰኞ አውቶቡሱን ሳቆም፣ ከግዳንስክ አንድ መስመር፦
«ካርታው ትክክል ነው? የኤልቢራ ትእዛዝ?» ሌላ ነገር
የለም። «ትክክል ነው» አልኩት። ዝም አለ።

ኤልቢራ ግን በረጅሙ ጻፈች፣ ስለ ቀረቻት አንዲት ደሴት፣
ስለ ሰዓታችን፦ «ለመሆኑ ያችን ሰዓት የምታኖሯት የት?»
ከግርጌው ደግሞ፦ «ትራም ነጂው ደህና ነው?
ጽፌለት ነበር፤ ምነው ጠፋ፣ ምነው?»

ደንብ ቁጥር አሥር ጨመርኩ፦ «ሰዓት ሲዞር አዘጋጁ ይናገር።»
በቀጣዩ ዙር፣ ቀኑ ሳይደርስ፣ ሐሙስ ጠዋት፣
ከግዳንስክ ትእዛዝ መጣ።
አልከፈትሁትም። አንዲት ልጅ ተረት መርጣ ቆማ ነበር፤ ማኅተም መታሁላት።